ያመለጠው ምሽት የት ይሂድ? ሦስት ጊዜ የተጻፈ አንድ የጥናት ፕሮግራም

የመጀመሪያው ፕሮግራም ሲያዩት ያምራል። በኤክሴል የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የራሱ ቀለም አለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ አራት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በቀን ስምንት ሰዓት ጥናት ይላል። ሲደመር በሳምንት 36 ሰዓት ነው። ያወጣችው ሴት ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ትውላለች፤ የአራት ዓመት ልጅም አላት።

ባልደረባዬ ናት። ስሟንም የምንሠራበትንም ቦታ አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። የምትዘጋጀው ለሒሳብ ሙያ ፈተና ነበር። 22 ምዕራፍ ከፊቷ አለ፤ ያላት ጊዜ 16 ሳምንት ነው። ሐሳቧ ቀላል ነበር። በሥራ ቀን ማታ አንድ ምዕራፍ፣ ቅዳሜና እሁድ በቀን ሁለት ሁለት እያለች በሦስት ሳምንት ሁሉንም አንብባ ትጨርሳለች። የተረፋትን 13 ሳምንት እየደጋገመች ትከልሳለች።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የጨረሰችው ስድስት ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 19 ሰዓት አጠናች። በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው 4። ከዚያ ለሁለት ሳምንት መጽሐፉን አልነካችውም። ያማከረችኝ ያኔ ነው።

«ሰነፍ ነኝ መሰለኝ» አለችኝ።

ከሥራና ከልጅ ጋር በሳምንት 19 ሰዓት ያጠና ሰው ሰነፍ አይባልም። እኔ ልጅ ሳይኖረኝ ያን ያህል አላጠናም። ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ኤክሴሉ ላይ በቀይ የተጻፉ ሰዓቶች አሉ። ሰኞ ሳታጠና የቀረችው ሁለት ሰዓት ማክሰኞ ላይ ተደምሯል። የማክሰኞው ሳይከፈል ረቡዕ ላይ፤ የረቡዕ ቅዳሜ ላይ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ቅዳሜ ላይ የሠፈረው የጥናት ሰዓት 21 ደርሷል። በአንድ ቀን! ፕሮግራሙ ዕዳ መዝገብ ሆኗል። በየማታው ስትከፍተው መጀመሪያ የምታየው የዛሬውን ሥራ ሳይሆን ያልከፈለችውን ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት መክፈት ቢያስጠላት አልፈርድባትም።

ግምቱ ከየት መጣ?

36 ሰዓት ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። «ሥራዬን ሳወጣ፣ እንቅልፌን ሳወጣ የሚተርፈኝ ነው» አለች። በሒሳቡ ላይ ስህተት የለም። የሌለው ነገር መንገድ ነው፣ እራት ነው፣ ልጅ ማጠብ ነው፣ ደክሞ ሶፋ ላይ መቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምራል፤ ልጇ የሚተኛው 2፡30 ነው። በየማታው ግማሽ ሰዓት ገና ሳይጀመር ጠፍቷል።

ይሄ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 (እ.ኤ.አ.) «የዕቅድ ስህተት» (planning fallacy) የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ሰው የራሱን ሥራ ሲያቅድ ሁሉም ነገር ያለ እንከን የሚሄድበትን ታሪክ ይሥላል፣ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደፈጀበት ግን አይጠይቅም ይላሉ። በ1994 ደግሞ ሮጀር ቢውለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። አማካይ ግምታቸው 34 ቀን ገደማ ነበር። ሁሉም ነገር በተቻለ መጠን ቢበላሽስ ተብለው ሲጠየቁ ወደ 49 ቀን አሉ። የጨረሱት በአማካይ በ55 ቀን ገደማ ነው። ክፉ ክፉውን አስበው የሰጡት ግምት እንኳ አልበቃም።

ለባልደረባዬ ይህን ስነግራት ደስ ያላት ይመስለኛል፤ ቢያንስ ብቻዋን እንዳልሆነች አወቀች። ግን አንድ ሰው ግምቱ እንደሚሳሳት ማወቁ ግምቱን አያስተካክለውም። እሷንም አላስተካከላትም፣ ወደኋላ እደርስበታለሁ።

የተለካ ሳምንት

አዲስ ፕሮግራም ከማውጣቷ በፊት አንድ ሳምንት እንዲሁ እንድታጠና ተስማማን። ያለ ፕሮግራም። በቻለች ጊዜ ትቀመጣለች፤ ስትጀምር ሰዓቱን ትጽፋለች፣ ስትነሣም ትጽፋለች፣ ምን እንደሠራችም በአንድ መስመር። ራሷን እንዳታሻሽል ለመንኳት። መለካት የፈለግነው ጎበዝ የሆነችበትን ሳምንት ሳይሆን ተራውን ሳምንት ነው።

ድምሩ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መጣ። እሷ በጣም አፈረች፤ እኔ ግን ወረቀቱን ወደድኩት። ከድምሩ በላይ የሚናገረው ዝርዝሩ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ ማታ ባዶ ናቸው። ረቡዕ የሳምንቱ ሪፖርት ስለሚዘጋ አምሽታ ትገባለች። ዓርብ ባሏ የማታ ተረኛ ስለሆነ ከልጁ ጋር ብቻዋን ናት። ይህ በየሳምንቱ የሚሆን ነገር ነው፤ ያም ሆኖ የመጀመሪያው ፕሮግራም በሁለቱም ቀን አራት አራት ሰዓት አስቀምጧል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተጻፉት መስመሮች ደግሞ «አንድ ገጽ አምስቴ አነበብኩ» ዓይነት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል የሠራችው ሁለት ምሽት ከሠራችው ይበልጣል።

ሌላም ነገር ወጣ። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩሉ ሦስት ሰዓት ያህሉ ኖት መገልበጥ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለውን በንጹሕ ደብተር፣ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ፣ ከእነ ሠንጠረዡ። ደብተሩ የሚያስቀና ነው። ከደብተሩ ላይ ሁለት ጥያቄ መርጬ ስጠይቃት ግን አንዱንም በቅጡ አልመለሰችም፤ «ጽፌዋለሁ እኮ!» አለች እየሳቀች።

ለአንድ ምዕራፍ አራት ሰዓት ብላ ገምታ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም የፈጀባት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ግምቱ ለማንበብ ነበር፤ ጊዜው የሄደው ለመገልበጥ።

ሁለተኛው ፕሮግራም

ሁለተኛውን ራሷ አወጣችው። የተለካው ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ሳለ 12 ሰዓት ጻፈች። «ትንሽ ልግፋ ብዬ ነው» አለች። ይሄ «ትንሽ» የሚባለው ነገር ነው ሰውን የሚጎዳው። የተለካውን ቁጥር ዓይኑ እያየ ከላዩ ላይ የሚጨምር ሰው ስንት ነው! ፕሮግራም የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሞቅ ባለ ስሜት ነው፤ የሚፈጸመው ግን ማክሰኞ ማታ ሰውነት ዝሎ ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም።

በመጀመሪያው ሳምንት 10 ሰዓት አጠናች። በእኔ ዓይን ይሄ ትልቅ ድል ነው፤ ከተለካው በልጧል። በእሷ ወረቀት ላይ ግን ሁለት ሰዓት ጎድሏል፤ ስለዚህ ለቀጣዩ ሳምንት 14 ጻፈች። በቀጣዩ 7 አጠናች። ለሦስተኛው ሳምንት የተጻፈው 19 ሆነ።

19ኙን ስታይ ራሷ ደነገጠች። ፕሮግራሙ ቢያንስም ቢበዛም አካሄዱ ያው ነው። ያመለጠው ሁሉ ወደፊት ይገፋል፤ የተገፋው የሚያርፍበት ሳምንት ደግሞ ቀድሞውንም የሞላ ነው። መሙላቱን እያወቁ መጨመር ለምን ትክክል እንደሚመስለን አላውቅም። ምናልባት መተው ሽንፈት ስለሚመስል ይሆናል።

እስካሁን ስምንት ሳምንት አልፏል። አሥር ምዕራፍ ተጠናቋል፤ 12 ይቀራል። ቀሪው ጊዜም ስምንት ሳምንት ነው።

ሰዓቱ ይሞታል፣ ሥራው ይጠብቃል

ሦስተኛውን ፕሮግራም አብረን ተቀምጠን ሠራነው። በውስጡ ብዙ ነገር አለ፤ ዋናው ግን አንድ ደንብ ነው። ያመለጠ ሰዓት ሞቷል፤ የትም አይዛወርም። ያልተሠራው ምዕራፍ ግን አልሞተም፤ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጣዩ የጥናት ሰዓት ሲደርስ ተረኛው እሱ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል አመለጣት እንበል። በድሮው አሠራር ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች ማለት ነው፤ አትቀመጥም፣ አፍራ ትተወዋለች። በአዲሱ አሠራር ማክሰኞ ያው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የምትሠራው የሰኞውን ሥራ ነው። የማክሰኞው ወደ ኋላ ይገፋል። ማክሰኞ ማታ የሚጠበቅባት ነገር ሰኞ በተፈጠረው ነገር ምክንያት አልከበደም።

በእርግጥ ሥራው ሁሉ እየተገፋ ከሄደ ፈተናው ይደርሳል። ለዚያ ሁለት ነገር አበጀን።

አንደኛው ባዶ ሰዓት ነው። እሁድ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ምንም አልተጻፈበትም። በሳምንቱ ውስጥ ያመለጠ ነገር ካለ እዚያ ይሠራል፤ ከሌለ ነጻ ናት። ነጻ ስል የምር ነጻ፤ «እስቲ ለቀጣዩ ሳምንት ልቅደም» የለም። ይህን ነጥብ ለማሳመን ከሁሉም በላይ ጊዜ ፈጀብኝ። ባዶ ቦታ ያለው ፕሮግራም ያላለቀ ይመስላታል። እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ የሌለው ፕሮግራም ሲታይ ገና ከጅምሩ እንዳልተፈጸመ እቆጥረዋለሁ፤ ልጅ ይታመማል፣ አለቃ ያስቀራል፣ መብራት ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከስድስት ሰዓት በታች ከሆነ ሰዓት አንጨምርም፤ ሥራ እንቀንሳለን። ከእንቅልፍ ላይም አንቆርጥም።

የተጻፈው ሰዓት ስምንት ነበር። ከተለካው ዘጠኝ ተኩል ያነሰ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ2፡30 እስከ 4፡00። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ረቡዕና ዓርብ በምሳ እረፍት ግማሽ ግማሽ ሰዓት፤ እሱም ጥያቄ ለመመለስ ብቻ። ረቡዕና ዓርብ ማታ ምንም የለም።

የቅዳሜው ጠዋት በነጻ አልመጣም። ባሏ ልጁን ይዞ ከቤት ይወጣል ተብሎ ስምምነት ተደርጎበታል። ስለ ጥናት ፕሮግራም ሲወራ ይሄ ጉዳይ ለምን እንደሚዘለል ይገርመኛል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ የአንቺ ሰዓት የሱም ሰዓት ነው። ሳይነገረው የተያዘ ጠዋት ደግሞ በመጀመሪያው ጉዳይ ይፈርሳል።

የሚቀነሰው ምንድን ነው

ስምንት ሳምንት በስምንት ሰዓት 64 ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለአሮጌ ፈተናዎች ስናወጣ 48 ይቀራል። 12 ምዕራፍ ሲካፈልበት አራት ሰዓት ለአንድ። የሚበቃ ይመስላል፤ ግን የተነበቡትን አሥር ምዕራፎች ለመከለስ አንዲት ደቂቃ አልቀረም። ከሁለት ወር በፊት የተነበበ ምዕራፍ ሳይነካ ፈተና ላይ ይገኛል ማለት ሕልም ነው።

ስለዚህ ሲላበሱን አወጣን። ለየክፍሉ የሚሰጠው የነጥብ ድርሻ ተጽፎበታል። ከ12ቱ ትንሹን ድርሻ የያዙትን ሦስት ምዕራፎች ተውናቸው። እሁድ ባዶ ሰዓት ከተረፈና ከፈለገች ብቻ በላይ በላዩ ታያቸዋለች። ዘጠኝ ምዕራፍ በአራት ሰዓት 36፤ የቀረው 12 ሰዓት ለክለሳ።

ይህን ስናደርግ ፊቷ ተለዋወጠ። «ከነሱ ቢመጣስ?» አለች።

«ይመጣል። የማትመልሺው ጥያቄ ይኖራል።»

ሌላ መልስ አልነበረኝም። ጊዜው 22 ምዕራፍ አይችልም፤ ጥያቄው የሚቀረው የትኛው ነው የሚለው ብቻ ነው። ካልመረጥሽ ድካም ይመርጥልሻል፤ ድካም የሚመርጠው ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ነው፣ ክብደታቸውን አያይም።

አጠናኗም ተለወጠ። ኖት መገልበጥ ቆመ። አንድ ንዑስ ክፍል ታነባለች፤ መጽሐፉን ትዘጋለች፤ ያስታወሰችውን በባዶ ወረቀት ትጽፋለች፤ ከፍታ ታርማለች። ለዚህ ማስረጃ ያልኩት ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን ጥናት ነው። ተማሪዎች ሁለት ጽሑፍ አነበቡ፤ ከዚያ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42፣ አስታውሰው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው ሰውን የሚያታልለው። ገልብጠን እንደጨረስን ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል።

መጀመሪያ ላይ አዲሱን አካሄድ ጠላችው። ባዶ ወረቀት ያጋልጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ለአንድ ምዕራፍ የሚፈጀው ጊዜ የምር አራት ሰዓት አካባቢ ሆነ፤ የመጀመሪያ ግምቷ ዘግይቶም ቢሆን እውነት ወጣ።

ስለ አጀማመር አንድ ነገር ብቻ። «2፡30 ላይ» የሚለውን ትተን «ልጁ ተኝቶ የመኝታ ቤቱን በር እንደዘጋሁ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ» አልን። መጽሐፉ ቀድሞ ገጹ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ስልኩ ማድ ቤት ይቀራል። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ማሰር ከባዶ ቁርጠኝነት እንደሚሻል ለዓመታት ሲያጠኑ ኖረዋል። አላርም ግን ይሰረዛል፤ የሷም በየማታው ተሰርዞ ነበር።

ስምንቱ ሳምንታት

በቅደም ተከተል እነሆ፦ 8፣ 7፣ 8፣ 2፣ 8፣ 7፣ 8፣ 6።

አራተኛው ሳምንት ላይ ልጁ ታመመ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያጠናችው፤ እሁድም አልተቻለም። ዕዳው ቢመዘገብ ኖሮ አምስተኛው ሳምንት 14 ሰዓት ሆኖ ይጠብቃት ነበር። በሁለተኛው ፕሮግራም 14 የተባለ ሳምንት ላይ የሆነውን አይተናል። አሁን ግን አምስተኛው ሳምንት እንደማንኛውም ሳምንት ስምንት ነበር፤ ስምንት አጠናች። ለእኔ የጉዳዩ ዋና ቦታ ይሄ ነው፤ ጎበዝ የሆነችባቸውን ሳምንታት ያን ያህል አላደንቅም።

በነገራችን ላይ፣ ቀን ሳይዘለል ስንት ቀን እንደተጠና የሚቆጥሩትን የሞባይል መተግበሪያዎች አልወድም። አንድ ቀን ሲዘለል ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ሰውየውም አብሮ ይወርዳል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለዋል። አንድ ቀን መዝለል ልማድ የመያዙን ሂደት ያን ያህል አልጎዳውም። ልማዱ እስኪሰርጽ የወሰደው ጊዜ ደግሞ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ብለው ነው ያሰሉት። «በ21 ቀን ልማድ ይያዛል» የሚለውን ወሬ ሰምታ ነበር፤ 22ኛው ቀን ላይም ጥናት እንደሚያስጠላት ስታውቅ ራሷን ተጠራጠረች። መጠራጠር የነበረባት ወሬውን ነው።

በልጁ መታመም የጠፋው ጊዜ የወጣው ከክለሳው 12 ሰዓት ነው። ዘጠኙም ምዕራፎች አለቁ፤ ከድሮዎቹ አሥር ውስጥ የተከለሱት ግን ስድስት ብቻ ናቸው። የተተዉትን ሦስት ምዕራፎች ጨርሶ አላየቻቸውም። እሁድ ነጻ በሆነ ቁጥር ተኛች፤ ደግ አደረገች።

አልፋለች። በአንዱ ክፍል ከማለፊያው ብዙም ሳትርቅ ነው ያለፈችው። ከተተዉት ምዕራፎች አንድ ጥያቄ መጥቶ ባዶውን ትታዋለች።

ፕሮግራሙ ነው ያሳለፋት ማለት እችላለሁ? በአንድ ሰው ታሪክ እንዲህ ማለት አይቻልም። ፈተናው ሲቃረብ ማንም ሰው ይበረታል፤ ባሏ ቅዳሜን ባይለቅላት የትኛውም ደንብ አያድናትም ነበር። ማለት የምችለው አንድ ሰው፣ በአንድ ሥራና በአንድ ልጅ፣ 36 ሰዓት አቅዶ በሦስት ሳምንት እንደቆመና ስምንት ሰዓት አቅዶ እስከ ፈተናው እንደዘለቀ ነው።

አሁን ለቀጣዩ ደረጃ እየተዘጋጀች ነው። ኤክሴሉን ትታ በወረቀት ጽፋዋለች፤ ሰባት ሰዓት ይላል። ባዶውን ሰዓት ግን ከእሁድ ወደ ሐሙስ አምጥታዋለች። ያመለጠኝ ነገር እስከ እሁድ ሲቆይ ይረሳኛል ትላለች። እኔ ሐሙስ ላይ ባዶ ሰዓት ያለው ሰው ዓርብና ቅዳሜ ሲያመልጠው ምን ይውጠዋል እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።